በደወሉ ገመድ ላይ ስለተገኘው የልጅ ልጄ ምራቅ

ለክቡር የአውራጃችን ፖሊስ አዛዥ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ጥርስዎም ሁሉም በየቦታው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ጥርስን ያለ ምክንያት አላነሳሁም፤ ባልደረቦችዎ ማለዳ በራችንን በብረት ሰብረው ሲገቡ የልጅ ልጄ የጃጎ የፊት ጥርሶች ደረጃው ሥር ቀርተዋል። በሩ አልተቆለፈም ነበር። በፖልቬረን መንደር በሩን የሚቆልፍ ሰው የለም፤ እጀታውን ቢያዞሩት ይከፈት ነበር።

እኔ የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን የደወል ደዋዮች አለቃ ነኝ። ጎረቤታችን አቶ ሲሪል ኮድ በገዛ ወጥ ቤቱ በገመድ ታንቆ፣ ምላሱ ጠቁሮ፣ ጥፍሮቹ ከገመዱ ጋር ሲታገሉ ተሰባብረው ተገኘ። ከገመዱ ላይ የተወሰደው ምራቅ በአገሪቱ የዲኤንኤ መዝገብ ሲፈተሽ የጃጎ ስም ወጣ። እስር ቤት እንደገባ ሌሎቹ እስረኞች ‹‹የሽማግሌ ገዳይ!›› እያሉ ስኳር የተጨመረበት የፈላ ውኃ ፊቱ ላይ ደፉበት፤ ግራ ዓይኑ ጠፋ። ችሎቱ በሚቀጥለው ወር ነው። ከተፈረደበት ዕድሜ ልኩን ስለማይወጣ ምስጋናዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገመዱን ስላገኛችሁልን አመሰግናለሁ፤ የእኛ ነው። ከደወሎቻችን አራተኛዋ ቀላል ስለሆነች ጀማሪ ሁሉ የሚለማመደው በእርሷ ነው። ገመዷ ሲያረጅ አቶ ሲሪል ጀልባውን ሊያስርበት ለመነንና ሰጠነው። ደዋይ ገመድ ከመጨበጡ በፊት መዳፉ ላይ እንትፍ ይላል፤ አለዚያ ገመዱ ሾልኮ መዳፉን ይልጠዋል። ደዋዮቹን እንዲህ አድርጌ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በገመዱ የሱፍ መያዣ ውስጥ ጃጎን ጨምሮ የስምንታችንም ደዋዮች ምራቅ ለዓመታት ሰርጓል።

ሁለተኛ፣ መዝገባችሁ ከስምንታችን መካከል አንዱን ብቻ መርጦ ማውጣቱን አደንቃለሁ። ጃጎ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ በኳስ ሜዳ ጠብ ተይዞ ምራቁ ተወስዶ ተቀምጧል፤ ሰባታችን ግን ተይዘን ስለማናውቅ መዝገቡ አያውቀንም። የአንድ ተማሪ ስም ብቻ በተመዘገበበት ክፍል ውስጥ መስኮቱን የሰበረውን ማወቅ ምንኛ ቀላል ነው!

ይህንኑ ለመርማሪው ለኢንስፔክተር ፔንጌሊ ሄጄ አስረዳሁት። እስክሪብቶውን እያንኳኳ ሰማኝና ‹‹እማማ፣ ማሽን አይዋሽም እኮ! ሻይዎን ይጠጡና በጊዜ ቤትዎ ይግቡ›› አለኝ።

‹‹ማሽኑማ አይዋሽም ልጄ። ‹ምራቅ አለ› አለ እንጂ፣ ‹አነቀ› መቼ አለ?›› አልኩት።

አብሮኝ የመጣው ደዋያችን፣ ዓሣ አጥማጁ ዴንዚል አላስችል ብሎት ‹‹በዚያ ገመድ ጳጳሱም ደውለዋል፤ በሉ እሳቸውንም እሰሯቸዋ!›› ቢል ሁለታችንንም በክብር አስወጡን። ዴንዚል በክብር ሲወጣ አንድ የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል።

ሦስተኛ፣ ስለ ደሙ። በአቶ ሲሪል ጥፍሮች ሥር የተገኘው የሌላ ሰው ደም የጃጎ እንዳልሆነ ራሳችሁ መርምራችሁ አረጋግጣችኋል። መዝገባችሁ ባለቤቱን ስላላገኘው ግን ‹‹ግብረ አበር ይሆናል›› ተብሎ ታለፈ። ሽማግሌው እየታነቀ፣ ዓይኑ እየፈጠጠ፣ የገዳዩን ሥጋ ቧጦ ማስረጃ አስቀመጠላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጥፍሩን አጥባችሁ ቀበራችሁት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሰኞ ጧት ሰባታችን ጣቢያችሁ በር ላይ አፋችንን ከፍተን እንቆማለን። ምራቃችንን ውሰዱና ከገመዱ ጋር አመሳክሩ፤ ከዚያም ወይ ስምንታችንንም እሰሩ፣ ወይ አንዱን ፍቱ።

ለአውራጃችን ጸጥታ ስለሚደክሙት ክንዶቻችሁ፣ በተለይም ስለ ቡጢዎቻችሁ፣ የላቀ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣

ኢኒድ ትሬጊር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ወደ ፖስታ ቤት ስሄድ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛዋ ሚስ ሎዌና ከጠረጴዛዋ ጀርባ በገመድ ታንቃ ተገኝታለች። ፖስታ ቤቱ ስለተዘጋ ደብዳቤውን ከፍቼ ይህን ጨምሬ በጋዜጣ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ጃጎ በዚያ ጧት በእናንተ ቁልፍ ሥር ነበር። ሆኖም መዝገባችሁ ሌላ ሰው ስለማያውቅ፣ ክቡርነትዎ እባክዎ የእስር ክፍሉን ከፍተው ይዩልኝ፤ ምናልባት ፖስታ ቤቱ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል።