አቶ ወዳጆ ቢቂላ እና የገርጂ ሜዳው ፎቶግራፍ (1948–2012 ዓ.ም.)

ገርጂ ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ በነበረበት ዘመን፣ ጥቅምት 21 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ በአቶ ቢቂላ ጅሬኛና በወ/ሮ ደሪቱ ሂርጳ ቤት ሦስተኛ ልጅ ሆነው የተወለዱት አቶ ወዳጆ ቢቂላ፣ ዛሬ በመካከላችን በዝምታ ተኝተዋል። እናታቸው «ይህ ልጅ ሳይድህ ሮጠ» ይሉ እንደነበር ታላላቆቻቸው ይመሰክራሉ። እርሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ ጸጥ ብለው ሲያያቸው ይህ የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

ፊደልን ከደብር መምህር ዘንድ ከለዩ በኋላ፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ከተማው በእግራቸው እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በቤት ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገሩ በማደጋቸው በሁለቱም ቋንቋዎች ጨዋታ ዐዋቂ ነበሩ። በሁለቱም ቋንቋዎች ግን ጨዋታውን ሳይጨርሱ ብድግ ይሉ ነበር።

አባታቸው በ1965 ዓ.ም. በሞት ሲለዩ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሃያ ሁለት አካባቢ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቅልጥፍናቸውን አይተው ፊልም ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አስገቧቸው። በዚያ ሥራ ወረቀቱ በመድኃኒቱ ውስጥ ተኝቶ መልክ እስኪያወጣ መታገሥ ግድ ነው። ወጣቱ ወዳጆ ግን ቀድመው ያወጡት ስለነበር የደንበኛው ፊት ግማሹ ጉም እንደ ለበሰ ይቀር ነበር። ባለቤቱም «ወዳጆ፣ ፎቶ የሚታጠበው በእጅ ነው፤ አንተ በእግርህ ልታጥበው ትፈልጋለህ» ብለው ካሜራ አሸክመው ወደ ውጭ ሰደዷቸው። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ምረቃውም ከዚያ ወዲያ የእርሳቸው ሆነ።

ከወ/ሮ ሉሊት ኃይለኪሮስ ጋር የተዋወቁት ወ/ሮ ሉሊት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ በመጡ ጊዜ ነው። ፎቶ አንሺው ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ መብራቱን ሲያዞሩ፣ መልሰው ሲያዞሩ ያዩት ወ/ሮ ሉሊት «አትነቃነቂ የተባልኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» ብለው ጠየቁ። ጥር 1979 ዓ.ም. በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራው ከመቀመጫቸው ተነሥተው የሠርጉን ፎቶ አንሺ «ብርሃኑ ከኋላህ ይሁን» ሲሉ ያነሣቸው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ይገኛል።

በ1991 ዓ.ም. ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ያን ጊዜ ከተማው ወደ ምሥራቅ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። ማሳው መንደር ሆነ፤ መንደሩም ሕንፃ። አባታቸው ያረሱት መሬት ላይ ባለ ስምንት ፎቅ ቆመ። ሌላው ሰው ሕንፃ አልቆ ሊያይ ይጓጓል። አቶ ወዳጆ ግን ያላለቀውን ይወዱ ነበር፤ ግድግዳ ካልወጣለት ወለሉ ላይ ሆነው ከተማውን ቁልቁል ያነሡበታልና። የግንባታ ዘበኞች ሁሉ ያውቋቸው ስለነበር «ጋሼ ወዳጆ፣ ዛሬስ ስንተኛ ፎቅ?» እያሉ በሩን ይከፍቱላቸዋል። እርሳቸውም የባሕር ዛፉን ርብራብ እንደ ወጣት ይወጡታል። ወ/ሮ ሉሊት በዚህ ሁልጊዜ ይሠጉ ነበር።

ቀጥሎ ያለው የሕይወታቸው ክፍል ሳይሸፋፈን እንዲነበብ ራሳቸው በሕመማቸው ወራት አደራ ብለዋል።

በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲደርስ አቶ ወዳጆ የቅስቀሳ ሰልፎችን የሚያነሡ ባለሙያ ሆነው ቀኑ አልበቃቸው አለ። ረፋድ ገርጂ፣ ቀትር ኢምፔሪያል፣ ከሰዓት ሲኤምሲ። ወገን አይመርጡም። «ለካሜራ ሰልፍ ሁሉ ሰልፍ ነው» ይሉ ነበር። ከደንበኞቻቸው አንዱ ለምክር ቤት የተወዳደሩት አቶ ፍስሃ ሲሆኑ፣ በየካቲት ወር አንድ እሑድ በገርጂ ሜዳ ሰልፍ ጠሩ። አቶ ወዳጆም እንደ ልማዳቸው አጠገቡ ካለ ጅምር ሕንፃ ላይ ወጡ።

በዚያው ዕለት የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ የነበሩት የአቶ መንግሥቱ ቀብር ነበር። አቶ መንግሥቱ ዕድሜ ልካቸውን የሁሉን ሰው ሞት ሲያረዱ ስለኖሩ፣ ለእርሳቸው ቀብር ያልወጣ አልነበረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ለግንባታ ተቆፍሮ ተዘግቶ ስለነበር ለቀስተኛው አስከሬኑን ይዞ በሜዳው በኩል አቋረጠ። ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ሰልፈኛው ቆቡን አውልቆ መንገድ ለቀቀ፤ ከሰልፈኛውም ብዙው ወግ ነውና ከቀብሩ ጋር ተቀላቀለ። ሁለቱ ሕዝብ አንድ የሆነበትን ያን ቅጽበት አቶ ወዳጆ ከላይ አነሡት። ከዚያ ከፍታ የታያቸው ብዛት እንጂ ሐዘን አልነበረም።

ሲኤምሲ ሌላ ሰልፍ ይጠብቃቸው ነበርና ያነሡትን መለስ ብለው ሳያዩ ሜሞሪውን ለአቶ ፍስሃ የቅስቀሳ ወጣቶች «መርጣችሁ ተጠቀሙ» ብለው ሰጥተው ታክሲ ውስጥ ገቡ።

ሳምንት ሳይሞላ ኢምፔሪያል ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ከላይ የአቶ ፍስሃ ፈገግታ፣ ከታች ያ ሕዝብ፣ ከሥሩ «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» የሚል ጽሑፍ። አስከሬኑና ተሸካሚዎቹ ተቆርጠው ወጥተዋል። በመካከል ግን የሟች ባለቤት ወ/ሮ ስመኝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ ይታያሉ። የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን እንደሚናገር በአገራችን ሕፃንም ያውቃል። ወጣቶቹ ግን እንደ አቶ ወዳጆ ሁሉ የቆጠሩት ራስ ብቻ ነበር።

ወሬውን ያመጡላቸው ጎረቤታቸው፣ ከወሎ መጥተው በአጠገባቸው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግዱት አቶ አብዱልገኒ ናቸው።

«አንተ ወዳጆ! ኢምፔሪያል ላይ ለቅሶ ሰቅለሃል አሉኝ።»

«የምን ለቅሶ?»

«ሄደህ እየው። ካሜራውን ግን እዚህ ተወው፤ ሰዉ እንዳያየው።»

ሄደው አዩ። ተመልሰው ፎቶ ቤታቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉ፤ እንደገና ወደ ኢምፔሪያል ሄዱ።

ዕድሩ ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ በአባላቱ ፊት «መንግሥቱ ለሁላችንም ሰው ሲጠራ ኖረ። አንተ የእርሱን ቀብር ለቅስቀሳ ሰጠህ። ነገ ላንተ ማን ይጠራልህ?» አሏቸው። ባነሩ ከአቶ መንግሥቱ አርባ በፊት ካልወረደ አቶ ወዳጆ ከዕድሩ እንዲሰናበቱ ተወሰነ። እትብታቸው በተቀበረበት ምድር ቀባሪ አጥተው ሊቀሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈርተኛው ሰላምታቸውን የሚመልሰው በግማሽ አፍ ሆነ።

በሽማግሌ ፊት፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ከወ/ሮ ስመኝ ደጅ ወደቁ። ወ/ሮ ስመኝም እንዲህ አሉ፦ «ድንጋዩን አውርደው፤ ደጄን ድንጋይ ሞልቶታል። እኔን ከዚያ አውርደኝ። ታክሲ ልያዝ በወጣሁ ቁጥር ራሴን ሳለቅስ አያለሁ። ባሌን ስንት ጊዜ ልቅበረው?»

ይህን ከሰሙ በኋላ እንቅልፍ አልነበራቸውም። የተሰቀለ የምርጫ ማስታወቂያ መቅደድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ደግመው ደጋግመው የአቶ ፍስሃን ደጅ ጠኑ። አቶ ፍስሃ ክፉ ሰው አልነበሩም። ምርጫው ግን እንደ ወባ ይዟቸው ነበር። «ጋሼ ወዳጆ፣ ማን ለይቶ ያውቃቸዋል? እሺ፣ ከዚህ የበለጠ ሰው የሞላበት ፎቶ ያምጡልኝ፤ ዛሬውኑ አስወርደዋለሁ» አሏቸው።

እንግዲህ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሩጫ ሆነ። ያን የመሰለ ሕዝብ ግን ከየት ይምጣ? በአንዱ ሰልፍ ከሰው ወንበር በዛ፤ በሌላው ዝናብ መጣ፤ በሦስተኛው የተሰበሰበው ሰው ነጻ ቲሸርቱን ተቀብሎ ተበተነ። አርባው እየቀረበ ሄደ። ወ/ሮ ሉሊት ያቀረቡት ምግብ ሳይነካ ይነሣ ነበር። «አንተ ሰው፣ አንድ ፎቶ ለማውረድ ስንት ፎቅ ትወጣለህ? ለምን እዚያው መሬት ላይ አትሞክረውም?» አሏቸው።

ይህ ቃል ልባቸው ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አቶ ፍስሃን «ለአንድ አፍታ» ብለው ቆብ አስደፍተው ኢምፔሪያል ወሰዷቸው፤ ከባነሩ ሥር በሲኤምሲ ታክሲ ሰልፍ መካከልም አቆሟቸው። አንዳች ነገር አልነገሯቸውም። ሰልፉ ራሱ ተናገረ።

«እኚህ እናት ምን ሆነው ነው ግን የሚያለቅሱት?» አለች አንዲት ተማሪ።

«የምረጡኝ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ይሆናላ» አለ ከኋላዋ የቆመ ጎልማሳ።

የታክሲው ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ «ሲኤምሲ፣ አያት! ግቡ፣ ግቡ! ሰውዬው ሳይመረጥ ተለቅሶለታል፤ ለቀስተኛም እንጭናለን!» ሲል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ከፊት የነበሩ አንድ አዛውንት ዞር ብለው «ልጆች፣ በሰው ሐዘን አይሳቅም» አሉ። ወደ ባነሩም ቀና ብለው «ይህን የሰቀለው ሰው ግን፣ እናት የለችውም?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ፍስሃ ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ባነሩ እንዲወርድ አዘዙ። አውራጁን ሠራተኛ አቶ ወዳጆ አልጠበቁም። መሰላል ተውሰው ራሳቸው ወጡ፤ ገመዱን ፈቱ፤ ባነሩን ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው በአርባው ዋዜማ ከወ/ሮ ስመኝ ግቢ አደረሱት።

ወ/ሮ ስመኝ ባነሩን መሬት ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ይህቺ ሴትዮ እንዴት ከስታለች» አሉ። ከዚያም ሥዕሉን ወደ ውስጥ ገልብጠው ዝናብ እንዳይነካው የማገዶ ክምራቸውን አለበሱበት። ለአቶ ወዳጆም «አንተ ደግሞ ግባና ቁጭ በል፤ ገና ለቅሶ አልደረስክም» አሏቸው። እውነት ነበር። ቀብሩን ከላይ ሆነው አነሡት እንጂ አልደረሱም። ገቡ፤ ተቀመጡ። የዓይን ምስክሮች እንደሚሉት ደጋግሞ ብድግ ማለት ቃጥቷቸው ነበር፤ ሆኖም የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪወጣ አልተነሡም። በማግሥቱ የአርባውን ድንኳን ከዕድሩ ወንዶች ጋር ተከሉ። ስማቸውም በዕድሩ ጸና።

አቶ ፍስሃ ተመረጡ፣ አልተመረጡ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

አቶ ወዳጆ ከዚያም በኋላ ሰልፍ ማንሣትን አልተዉም፤ ሩጫቸውንም አልቀነሱም። ነገር ግን ከፎቅ ከወረዱ በኋላ በሕዝቡ መካከል ገብተው ሳይዞሩ፣ ያነሡትንም ፊት አንድ በአንድ ሳይመረምሩ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም ነበር። በዚህ ምክንያት ሥራ እየዘገየ አንዳንድ ደንበኛ ተቀይሟል። «የቸኮለ ወደ ሌላ ይሂድ» የሚለው መልስ ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ከእርሳቸው የባሰ ችኩል አልነበረምና። ስልክ ሁሉን ሰው ፎቶ አንሺ ባደረገበት ዘመን ፎቶ ቤታቸው ቢቀዘቅዝም በሩ አልተዘጋም። የሰፈሩን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ በነጻ ያነሡ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። በሕክምና ላይ ሳሉም አልጋቸው ባዶ ሆኖ የተገኘበት ቀን ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ነርሶቹ በኮሪደሩ መጨረሻ በመስኮቱ በኩል የሚገነባ ፎቅ ሲያነሡ አገኟቸው። በሐኪምና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

አቶ ወዳጆ ቢቂላ ከወ/ሮ ሉሊት ጋር ወደ ሠላሳ ሦስት ዓመት በተጠጋ ትዳራቸው ሄሊናንና ኢሊሊን ወልደው ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል፤ ሦስት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ከእርሳቸው በኋላ የሚያዝኑ ሁለት ወንድሞች አሏቸው።

እህት አልነበራቸውም። ሆኖም ይህ ጽሑፍ ትናንት በሚዘጋጅበት ጊዜ ወ/ሮ ስመኝ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወደ ሐዘኑ ቤት ገብተው «እህት ከሚባለው ቦታ ላይ እኔን ጻፉኝ» ብለዋል። ቤተሰቡም በአንድ ቃል ተቀብሏል። ስለዚህ አቶ ወዳጆ ቢቂላ የአንዲት ታላቅ እህት ወንድም ነበሩ፤ እርሳቸውም ወ/ሮ ስመኝ ናቸው።

በምድር ላይ ዕረፍት ያልነበራቸውን ወንድማችንን እግዚአብሔር በደጋጎቹ አባቶች ማደሪያ ያሳርፋቸው፤ እዚህ ለቆምነውም ለባልንጀራችን ሐዘን የምንቀመጥበትን ልብ ይስጠን። አሜን።