ቡሳድ እስኪመጣ

አት ላርባ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1974

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለዳዳ ቡሳድ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን። በለሱ ተለቅሞ አልቋል፤ የአባታችን የቫቫ ጉልበት ብርዱን ቀድሞ አውቆታል፤ የጎረቤታችን የአሮጊቷ የና ስሚና ምላስም እንዳለ ነው። "ከነቤተሰብህ" ብዬ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ ወረቀቱ በሰው እጅ ገብቶ ለቫቫ ይነበባል ብዬ እፈራ ነበር። አሁን መፍራቱ ራሱ ሰለቸኝ።

አስተማሪው ዋሊ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ከወንዝ ማዶ ባለው መንደር የሚያስተምረውን ነው የምልህ፤ ዓምና መከር ላይ የእናቱን አምባር ሊያሠራ መጥቶ፣ አምባሩን ረስቶት ግማሽ ቀን ምድጃው አጠገብ ቆሞ የዋለውን። ቫቫም ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መለሱለት፦ "ቡሳድ ይምጣ፤ ከዚያ እናያለን።" ዋሊ የወይራው ለቀማ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ እናቱ ሌላ ቤት ታንኳኳለች። ሠላሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፤ ለኔ ብሎ የሚመጣ አራተኛ ሽማግሌ የለም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አንተም ታውቀዋለህ። በብር ጌጥ ላይ የምናቀልጠውን የቀለም ምስጢር ለሴት ልጅ አያስተምሩም። ሴት ታገባለች፣ ምስጢሩም ከሙሽራዋ ጋር በቅሎ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። አንተ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ፈረንሳይ ስትሄድ ግን ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። ቫቫ ሠላሳ ዓመት እሳት ያየ ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ፣ "እሱ እስኪመለስ ብቻ ነው" ብለው አስተማሩኝ። ሥራውን ከያዝኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ዛሬ የምድጃውን ግለት መለየት አይችሉም፤ ከየትኛው ድንጋይ ስንት ጭብጥ፣ ከየትኛው አመድ ስንት ቁንጥር እንደሚገባ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ና ስሚና ምንጭ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ "አንቺማ ምድጃውን አግብተሻል። ደግነቱ አማት የለውም!" ይሉኛል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ሥራውን ጠላሁት ብዬ አልዋሽህም። ብጠላው ይቀለኝ ነበር። ባለቀለሙን ብርጭቆ በሙቀጫ ወቅጬ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግሜ አጥቤ፣ ርጥቡን ዱቄት በላባ ጫፍ እያነሣሁ ክር በሚያካክሉት የብር ሽቦዎች መካከል ስሞላ፣ አንገቴ መድረቁን እንኳ የማውቀው ስነሣ ነው። እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቆይቶ ድንገት ፊቱ ዘይት እንደተቀባ ያበራል። ማውጣት ያኔ ነው። ትንሽ ከቆየ አረንጓዴው ይጠቁራል። ትኩስ እያለ ሁሉም አንድ ዓይነት ፍም ነው። ሲበርድ ቢጫው ብቅ ይላል፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው መጨረሻ። ዋሊ ያን ቀን ሰማያዊው ሲወጣ አይቶ፣ "እንዴ! እስካሁን የት ተደብቆ ነው?" አለ።

"እዚሁ ነበር፤ አንተ ነህ ትዕግሥት የሌለህ" አልኩት። ሳቀ። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት የላክኸውን ደብዳቤ ታስታውሳለህ? "አልመለስም። ኮሌትን አግብቻለሁ፤ ወንድ ልጅ ወልደናል። ለቫቫ እንዴት እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂበታለሽ" ያልከውን። አላውቅበትም ነበር፣ ዳዳ። በዚያ ሳምንት ሳል ጥሏቸው ነበር። ወረቀቱን ገልጬ ቆምኩ፤ አፌን አፌን ያያሉ። "በሚመጣው በጋ እመጣለሁ ይላል" ብዬ አነበብኩላቸው። ያን ቀን ተነሥተው ሾርባ ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ያንተ ደብዳቤ ሁሉ በኔ አፍ "እመጣለሁ" እያለ ይነበባል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደኝ። ቫቫ "ቡሳድ ይምጣ" ሲሉ በኔው ቃል በሩን እየዘጉብኝ ነው፤ ማንን ልውቀስ? እስካለፈው ወር ድረስ የማስበው እንዲህ ነበር።

ባለፈው ወር ጠሩኝና "አንድ ታብዚምት ሥሪ" አሉኝ። ወንድ ልጅ የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ የምታደርገው ክብ ጌጥ መሆኑን እዚያ ሆነህ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ።

"ማን አዘዘ?" አልኳቸው።

"እኔ አዘዝኩ።"

"ለማን ነው?"

"አንቺ ብቻ ቀለሙን አትቆጥቢ። ጀርባውንም በደንብ ሙዪ።"

ይህን ለኔ መንገር አያስፈልጋቸውም ነበር። በአንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ብር እሳት ሲያገኘው እንደሚጎብጥ፣ ቀለሙም ተሰነጣጥቆ እንደሚረግፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሠራሁት። መርጃን የሚባለውን ቀይ የባሕር ድንጋይ፣ እሳት ስለማይችል፣ መጨረሻ ላይ ሰካሁበትና እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ፊቱንም ጀርባውንም በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"የኛ ቤት ሴት ወንድ ወልዳ ግንባሯ ባዶ አይሆንም" አሉ።

"የትኛዋ የኛ ቤት ሴት፣ ቫቫ?"

ጌጡን ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። "ቡሳድ ሲመጣ ይገባሻል" አሉኝ።

ያኔ ነው ሁሉን እንደሚያውቁ የገባኝ። የአጎታችን ልጅ አክሊ ዓምና በጋ ከፈረንሳይ ለእረፍት መጥቶ ሁለት ሙሉ ቀን አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ሳይነግራቸው አልቀረም። ይህ የሆነው ዋሊ የመጀመሪያውን ሽማግሌ ሳይልክ በፊት ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ጊዜ "ቡሳድ ይምጣ" ሲሉ እንደማትመጣ ያውቁ ነበር። ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ልባቸው እንዳይሰበር ብዬ የዋሸሁትን ወስደው ቁልፍ አደረጉብኝ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ይፈራሉ። እኔ ከወጣሁ ያ ምድጃ ለእሳቸው ጨለማ ነው።

በማግስቱ ልናገር ቆርጬ ገባሁ።

"ቫቫ፣ ቡሳድ..."

"ቡሳድ ምን ሆነ?" አሉ። ደንግጠው ሊነሡ ሞከሩ።

"ደህና ነው" አልኩ።

አይመጣም ካልኩ፣ ሁለት ዓመት ዋሽቼዎታለሁ ማለቴ ነው። አውቃለሁ ካሉ፣ እያወቅኩ አስቀመጥኩሽ ማለታቸው ነው። ሁለታችንም አልደፈርንም። ተቀምጠን ምሳ በላን።

ከዚህ የሚያወጣኝ ያንተ እጅ ብቻ ነው። ና አልልህም፤ ሚስትህንና ልጅህን ጥለህ ና የምል ሰው አይደለሁም። አንድ ደብዳቤ ጻፍ። ለኔ እንዳይሆን፤ አፌን አላምነውም፣ ዳግመኛ "በጋ" ብሎ ያነበዋል። ለቫቫ ጻፍ፤ ፖስታው ላይ "ፖስተኛው ራሱ ያንብብላቸው" በልበት። አልመለስም በል። ሚስትና ልጅ አለኝ በል። ከዚያ ደግሞ፣ እህቴ ጁሀር ታግባ፣ ቀለሙንም ይዛ ትሂድ በል። ምስጢሩ የሚጠበቀው ላንተ ነው፤ ስለዚህ መልቀቅም ያንተ ነው። ወንዙ ሩቅ አይደለም። በየሳምንቱ ተሻግሬ ምድጃቸውን አነድድላቸዋለሁ፤ አልከዳቸውም። ግን ከራሴ ደጃፍ ተነሥቼ ልምጣ።

ታብዚምቱን ከቫቫ ትራስ ሥር አውጥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ቫቫ ላኪው አላሉኝም፤ ትራሳቸው ሥር ሲያስቀምጡት ግን እያየሁ እንደሆነ ያውቃሉ። ከአማትሽ ነው ብለህ ለኮሌት ስጣት።

ፈጣሪ ልጅህን ያሳድግልህ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ያንተንም እጅ ከፋብሪካው ማሽን ይጠብቅልህ።

እህትህ ጁሀር

እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ቫቫ የብዕሩን ድምፅ ሰምተው "ለሱ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንዲህ ብለሽ ጨምሪልኝ" አሉ፦ "ልጄ፣ አልጋህ ተነጥፏል። ሥራህን ጨርሰህ፣ ቀስ ብለህ ና። ምንም አትቸኩል።"

ያሉትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ ይህን አልለወጥኩትም። ከኔ ግን፦ ዳዳ፣ ቸኩል።