ከተቀበረ በኋላ «በንቃት ስለተሳተፈው» የቡድናችን አባል

ለተከበሩ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ እንቅልፍ እምቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ «ውጤታማ የቡድን ሥራ» የተሰኘውን ትምህርት ስለሰጡን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው።

፩. አምስታችንን በስማችን ፊደል ተራ ስላቧደኑን፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። ድሩን የሚፈትለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ባለማየትዎ አልወቅስዎትም፤ ብቻውን የሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከቢሮዎ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይርቃልና። ያ ሰው የልብስ ሰፊው ልጅ ነበር። ምንም ብናዘው «እሺ» ስለሚል «እሺታ» እንለው ነበር።

፪. በሰባተኛው ሳምንት እሺታ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ «ደረቴን እየወጋኝ ነው፤ ሦስተኛውን ክፍል አንዳችሁ ጨርሱልኝ» ብሎ ጻፈ። አራታችንም አየነው፤ አራታችንም አውራ ጣት ላክንለት። እኔ ሌላው ይሠራዋል ብዬ ተኛሁ፤ ሌላውም እኔን ተማምኖ ተኛ። በማግስቱ ጽሑፉ ተጠናቆ አገኘነው። እያሳለ የጨረሰው ራሱ ነበር። ከዚያ ጠፋ። የት ገባ ብለን አልጠየቅንም፤ ስሙን ግን በቸርነታችን በየሥራው ላይ መጻፍ አላቋረጥንም።

፫. «በንቃት ተሳትፏል፤ ከአባላቱ ጋር ተግባብቷል» የሚለውን የእሺታን መመዘኛ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሳያነቡ ስለፈረሙበት ግን ምስጋናው የእርስዎ ነው። ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን አባቱ የልጃቸውን ልብስ ከማደሪያው ሊወስዱ መጡ፤ የልኬት ሜትራቸውን እንኳ ከአንገታቸው አላወረዱም። ልጃቸው በሳንባ ምች ሞቶ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት እንደሆነው የሰማነው ከእሳቸው አንደበት ነው። ከሆስፒታሉ የመጣው ደብዳቤ «የሚታይ» በተባለው ፋይልዎ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር ኋላ ጸሐፊዎ ነገረችኝ።

አባቱ አራታችንን በየተራ አዩንና፣ «ስልክ በደወለ ቁጥር አምስት ሆነን ነው የምንሠራው ይለኝ ነበር። ብቻውን እንዳልነበረ ንገሩኝና ልሂድ፣ ልጆቼ» አሉ።

ሦስቱ አቀረቀሩ። እኔ፣ «አንለያይም ነበር፣ አባባ» አልኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲህ የሳሙኝን ቦታ ስንቴ እንደታጠብኩት አልነግርዎትም። ክፍል ውስጥ ሰው ባሳለ ቁጥር ዞሬ አያለሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው።

በፊርማዎ ላይ አቧራ፣ በሕሊናዎ ላይ ጭረት ሳይደርስ ዘመንዎ እንዲረዝም በመመኘት፣

ከፍተኛ ውጤት ያገኘው ታዛዥ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ በትናንትናው የአዲሱ መንፈቀ ዓመት ድልድል እሺታን የቡድን መሪ አድርገው ሾመውታል። ስሙን ላሰርዝ ቢሮዎ ብመጣ፣ «ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት» ተባልኩ። እንግዲህ እሱን የሚቀበሉበትን ቀንና ሰዓት ቢያሳውቁን።