ጭራውን ማን ረገጠው?

እትዬ ኪኑዮ፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ባለረጅም ጭራው አውራ ዶሯችን በረጅሙ ሳጥን ውስጥ አለ። ውሃውን ቀይሪለት፣ ጎመን ስጪው፤ ከቆጡ ግን እንዳታወርጂው።

ወደ ኮቺ ከተማው የዶሮ ትርዒት አልወሰድኩትም። ዛሬ ጠዋት እግሩን እንዲያፍታታ ብቻዬን ይዤው ወጣሁ። አንድ ሰው ዶሮውን፣ ሌላው ከኋላ ጭራውን ይያዝ እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ የምሰብከው እኔው ነኝ። ግን ባለፈው ሳምንት «እጅሽ ሻካራ ነው፣ የላባውን ጫፍ የሰበርሽው አንቺ ነሽ» ብዬ ካባረርኩሽ በኋላ፣ «ነይ ያዢልኝ» ማለት ሞት መሰለኝ።

ከደጃፉ ሳልርቅ፣ ስምንት ዓመት ያሳደግነውን፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጠውን ላባ በገዛ እግሬ ረገጥኩት። ዶሮው ሄደ፣ ላባው ቀረ።

ለማንኛውም ወደ ትርዒቱ ሄጃለሁ። ለጀማሪዎች ስለ ጭራ አያያዝ የማስተምረው እኔ ነኝ። አትሳቂ። እሺ፣ ሳቂ።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው።

ደግሞ ጫማዬን ስጠርግ፣ ባለፈው ሳምንት በአንቺ ያሳበብኩት የላባ ጫፍ ሶሉ ላይ ተሰንቅሮ አገኘሁት። ይህን ለማንም አትንገሪ። ላንቺም ባልነግርሽ ደስ ባለኝ።

ሺገጂ