በግራ እጅ የተያዘ ምላጭ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? አንተ በተጠየቅክ ቁጥር «እንደ ብረት ነኝ» ማለት ስለማይሰለችህ፣ አሁን እማዬን ጠየቅኩ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ቀኝ እጅህ አልታዘዝ ካለህ ወራት እንዳለፉ ነገረችኝ። አትቆጣት፤ ወትውቼ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው ጎረቤትህ ሊላጭ ተቀምጦ፣ ምላጩን በግራህ ስታነሳ ቢያይ፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ገና ልጆቼን አልዳርኩም!» ብሎ ከነአረፋው ዘሎ መነሳቱንም ሰማሁ። አንተም አብረኸው እስኪያስልህ ሳቅክ አሉ። በማግስቱ ግን ፀጉር ቤቱን ሳትከፍት ዋልክ። ቅዳሜ ደግሞ ወንበሩን የሚገዛ ሰው ይመጣል አለችኝ።

አባዬ፣ በትርጉም ቤቱ የአንድ ማሽን መመሪያ ስተረጉም «ዴክስቴሪቲ» የምትል ቃል አጋጠመችኝ። እንግሊዞች ለተካነ እጅ፣ ለልዩ ቅልጥፍና የሚሏት ናት። ሥሯን ብቆፍር ላቲን ላይ ደረስኩ፤ ትርጉሟ «ቀኝ» ኖሯል። የላቲኑ «ግራ» ደግሞ ዛሬ በእንግሊዝኛ የክፉ ነገር መጠሪያ ሆኗል። አንተን የሰደቡብኝ ያህል ተናደድኩ። ለአለቃዬ ባሳየው፣ «ምን ያንጨረጭርሃል? እኛስ ሲጨንቀን ግራ ገባን እንል የለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግራን እኛም አልማርነውም።

እኔ ግን ከፀጉር ቤትህ መስታወት ሥር ነው ያደግኩት። ምላጩን የሚይዘው ቀኝህ ይሁን እንጂ፣ ቆዳውን የሚወጥረው፣ አገጩን ቀና የሚያደርገው፣ ሰውየው ሊያስነጥሰው ሲል ቀድሞ የሚያውቀው ግራህ ነበር። ያ እጅ ፊት ሲያነብ ኖሯል። ጀማሪ ማን አለው?

ስለዚህ ወንበሩን አትሽጥ። ዓርብ እመጣለሁ። ፈቃድ ማን ሰጠህ እንዳትለኝ፤ አሁን ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ የለኝም። መጻሕፍቴንና ፍራሼንም ይዤ ነው የምመጣው። ለእማዬ እኔ ራሴ እስክነግራት ድረስ ዝም በልልኝ።

ፂሜ አድጎ አስቀያሚ ሆኛለሁ። ለሌላ ሥራ ቃለ መጠይቅ ቢጠሩኝ በዚህ መልክ ማን ይቀጥረኛል? ሌላ ቤት ገብቼ ግን አልላጭም። ወንበሩ ላይ መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እጅህ ቢንቀጠቀጥም አትደንግጥ፤ ብትቆርጠኝም የሚፈሰው ያው የራስህ ደም ነው።

ፈጣሪ ሁለቱንም እጆችህን ይባርክልኝ።

ልጅህ