ምስማር የዋጠው ጉቶ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28። ከ/ሰ 10፡00

የሞተር መጋዙ ሰንሰለት ዛሬም ተበጠሰ። ሁለተኛው ነው። የመጋዙ ባለቤት ከድር ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ሦስተኛ ሰንሰለት የለኝም፣ ቢኖረኝም እዚህ ላይ አላሳርፈውም ብሏል። ሊወጣ ሲል ጉቶውን በመዶሻ መታ አደረገው። ቂው አለ። እንጨት እንዲህ አይጮህም።

ደብተሬ፣ ንዴቴን ካንቺ ሌላ የማራግፍበት የለኝምና ቻይኝ።

ይህ የዋንዛ ጉቶ ውርሴ ነው። አባቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሽማግሌዎች ይህን የከሚሴ ግቢያችንን ሲያካፍሉ እኔ ሐረማያ የመጨረሻ ፈተናዬ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ኑሩ አስፋልቱ ዳር ያለውን የግቢውን ፊት ከነቤቱ ወሰደ። ለእኔ ጓሮው፣ እማዬና እኔ ከምንተኛባት አንዲት ክፍል ጋር። ሴት የወንድ ግማሽ ትወርሳለች፤ ሃይማኖቴ ነው፣ አልተከራከርኩም። ግን ግማሹ ጉቶ መሆን ነበረበት? ኑሩ ከክፍፍሉ ሳምንት ቀደም ብሎ ዛፉን ቆርጦ ግንዱን ለጣውላ ሸጠው። ወገቤ ድረስ ያለውን ተወልኝ። ለምን ዝቅ ብሎ እንዳልቆረጠው ዛሬ ገባኝ።

ጓሮው ላይ የምሠራው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ተምሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መሬት ጦም አይደር ብለው ወስነዋል፦ ሰኔ ሳይገባ መሠረት ካላወጣሁ ኑሩ ግምቱን ሰጥቶኝ ጓሮውን ይጠቀልላል። መሠረቱ የሚያርፈው ልክ ጉቶው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ በታች ወንዝ።

ሠላሳ ሁለት ቀን ቀረኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29። ጠዋት

ምስማር ነው። እማዬ ማታ ነገረችኝ። ልጅ ሆኜ ጥርስ የሚያክሙት ሼህ አሊዬ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲመቱ አይቻለሁ፤ ሁለት ሦስት ምስማር መስሎኝ ነበር። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ምስማር ይዞ ይመጣል። ሼሁ ቁርዓን ይቀሩበታል። ሰውየው ጣቱን ጥርሱ ላይ ያደርጋል፣ እሳቸው ይመታሉ፣ ለቀቀህ? ይላሉ፣ ለቀቀኝ እስኪል ይመታሉ። ምስማሩ እንጨት ውስጥ እስካለ ሕመሙም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ሼሁ ሽማግሌ ሆነው ጨፋ ሮቢት ልጃቸው ቤት እስኪገቡ ድረስ እንዲህ ነበር። ዋንዛው ቅርፊቱን እየዘጋ ሁሉንም ዋጠው።

የእማዬም ሁለት አለ። አንዱን እኔን አርግዛ ነው ያስመታችው።

ኑሩ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ይህን መልስ አውቀዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1። ከመግሪብ በኋላ

መጋዝ ካልቆረጠው እሳት ይበላዋል አልኩ። እንጨቱ ይነዳል፣ ምስማሩ ዐመዱ ውስጥ ይቀራል፣ ለቅሜ እጥለዋለሁ። ሁለት ኬሻ ከሰል ገዛሁ። ከላዩ በድጅኖ ፈልፍዬ፣ ከሰሉን ሞልቼ ክብሪት ልጭር ስል ግቢው ሰው ሞላ። ከጁምዓ ሶላት ቀጥታ ነው የመጡት። ኑሩ መስጊድ በር ላይ እህቴ ጥርሳችሁን ልታቃጥለው ነው ብሏቸዋል።

ከፊት ጎረቤታችን አያ ሰይድ ናቸው፣ የበግ ነጋዴው። የእሳቸው ምስማር የት እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ። እሳት ከነካው ሕመሙ ከነእሳቱ ይመለሳል አሉ። አፍዎን ይክፈቱ አልኳቸው። የስንት በግ አፍ ከፍቼ አይቻለሁ። ከፈቱ። ሁለት ጥርስ፣ ሁለቱም ከታች።

“አያ፣ ያመመዎት የትኛው ነበር?”

“እሱማ ወልቋል።”

“ታዲያ ሕመሙ የት ነው የሚመለሰው?”

“ድዱን ያውቀዋል፣ ልጄ። አገሩ እኮ ነው።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ፤ ይበልጥ ያናደደኝ ያ ነው። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። ልጅ አዝላ ከኋላ ቆማለች። ሼሁ የመጨረሻውን ምስማር የመቱት ለእሷ ነው። ስንት ወር ግድግዳ ስትቧጥጥ እንዳደረች ነገረችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። እዚያ አትመልሺኝ አለች። እሷን ምን እላታለሁ? ነርቭ ላስረዳት?

ከሰሉን መልሼ ወደ ኬሻው ገለበጥኩት። እጄ ጥቁር፣ ፊቴ ጥቁር። ኑሩ በረንዳው ላይ ሆኖ ጫቱን ይቀነጥሳል።

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት

ውሃ ልቀዳ በኑሩ በር ሳልፍ ጠራኝ። ዶክተር ይለኛል አሁን፣ ከጓደኞቹ ፊት።

“ዶክተር፣ መርፌ ወግተሽ አታስተኚውም? ተኝቶ ቢነቀል አያመው።”

ሳቁ። ጀሪካኑን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ግምቱን ወስጄ ደሴ ሱቅ እንድከራይ መከረኝ። ለእኔ አስቦ። እንዲህ ሲለሰልስ አባታችንን ይመስላል፤ ይቅር የማልለውም ይህን ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከ/ሰ

ጨፋ ሮቢት፣ ሼህ አሊዬ ዘንድ ሄጄ መምጣቴ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ። እንዴት የሰው ጥርስ በምስማር እንደማይታሰር፣ እንዴት በእሳቸው የተነሳ መሬቴን ላጣ እንደሆነ። ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። አካም ጅርታ ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፣ እናቴን ጠየቁ፣ ከብቱን፣ ዝናቡን። የአባቴን ስም ስናገር እጄን ያዙና ረጅም ዱዓ አደረጉለት። የደረደርኩት ጠፋብኝ። ጉቶውን ማንሳት እንደምፈልግ፣ ሰው እንደከለከለኝ ብቻ ነገርኳቸው።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምስማሩ ከእንጨቱ አይለይ አልኩ እንጂ እንጨቱ ከቦታው አይነሳ መቼ አልኩ?”

አይነድ፣ አይፈለጥ፣ ከሥሩ ሙሉውን ይነሳ። ይህ ብቻ ነው። ለጎረቤቶቹ የሚነግር ልጃቸውን እንደሚልኩ ቃል ገቡልኝ። ስነሳ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ምስማር ሳይዝ ለመጣ ድሃ የሚያቀብለው አባቴ ነበር። ግማሹ ብረት የእሱ ነው አሉ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። አባቴን አስቤ መሰለሽ? አይደለም። በእሳት ሁለት ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሦስት ሳምንት በዶማ ልሠራው ስለሆነ። ያውም ለማላምንበት ነገር። ግን የማላምነው እኔ፣ የሚያመው እነሱን።

እሺ ትንሽም አባቴን አስቤ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ጠዋት

ስድስተኛ ቀን ቁፋሮ። ጉድጓዱ ጉልበቴን አልፏል። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፣ እንደገና ቋጠረ። ሥሩ የትየለሌ ነው። አንዱን በመጥረቢያ ስጨርስ ከሥሩ ሌላ። ጎረቤት አጥር ላይ ቆሞ ያያል። እያንዳንዱን ሥር ስቆርጥ የኑሩን ስም እጠራለሁ። አስተግፊሩላህ። ግን ይረዳል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15። ከ/ሰ

የሼሁ ልጅ ትናንት መጥቶ ለሰዉ ተናግሮ ሄደ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ግቢው እንደገና ሞላ፤ አሁን ዶማ ይዘው። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ልጁን ለእማዬ ሰጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። አያ ሰይድ አይቆፍሩም፤ ዳር ቁጭ ብለው ያዛሉ። መጥረቢያ ከፍ ባለ ቁጥር በሰሜን በኩል ቀስ ይላሉ። አንዱ አያ፣ ጥርስዎን ነክሰው ይያዙት አላቸው። በየትኛው ልንከስ ብለው መለሱ።

ስቄያለሁ። ከዚህ ጉቶ ጋር ከተያያዝኩ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው፤ ከተናደድኩበት ሁሉ የዛሬው ያንሳል። ኑሩ አልመጣም። የሱ ምስማር እዚያ ውስጥ እንዳለ ግን እማዬ ዛሬ ነገረችኝ። በዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አባቴ ይዞት፣ እየጮኸ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22። ከ/ሰ 9፡30

ጽሑፌ ከተበላሸ ይቅርታ። ጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ሥሩ በሙሉ አለቀ። ጉቶው ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ታመመ ከብት ያዘነብላል። ከጨፋ ትራክተር አስመጣሁ፣ ወፍራም ሰንሰለት ከነሹፌሩ። አስፋልቱን ለቆ ወደ ግቢው ሲዞር የብረት በሩ ተቆልፏል። ኑሩ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ትራክተር በእኔ ግቢ አያልፍም አለ። ሲሚንቶዬን ይሰብረዋል። በእግርሽ እለፊ፣ ከልክዬሽ አላውቅም። መኪና ግን የለም። ዛሬም፣ ነገም።

ነገስ ስትሠሪ? አልኩ ለራሴ። አሸዋው በምን ይገባል? የታመመ ግመል ይዞ ከሰንበቴ ገበያ የሚመጣ ሰውስ? በኑሩ ሳሎን በኩል?

የክፍፍሉን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ። ፊቱ ለኑሩ፣ ጓሮው ለዘሃራ። ስለ መንገድ አንድ ፊደል የለም። አራቱ ሽማግሌዎች በዚያው በር ገብተው፣ በዚያው ወጥተው፣ አንዳቸውም አላሰቡትም። ወይም አስበውታል። ግርጌው ላይ ‘ስለ ልጄ ተስማምቻለሁ’ የሚል አለ፤ ከሱ ጎን የእማዬ አውራ ጣት፣ ሰማያዊ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ማንንም አልወከልኩም።

ያን ሁሉ ቀን ጠላቴ ጉቶው መስሎኝ ቆፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ከ/ሰ

ወጣ። ያለ ትራክተር። አሥራ አራት ሰው፣ ስድስት የባሕር ዛፍ ወራጅ፣ ከሥሩ ድንጋይ እያስገቡ ሁ ሁ እያሉ ስንዝር በስንዝር አነሱት። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲንከባለል መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንድም ምስማር አልተነቀለም። አያ ሰይድ ጉንጫቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ሰላም ነው።

ገደሉ ጫፍ ላይ፣ አጥሩ ጥግ ተጋድሟል። እዚያ ማንንም አይነካም። መሠረቱን ሰኞ መጀመር እችላለሁ፤ ቀኑ አላለፈም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጥቶ አየና እንግዲህ ነገሩ በሰላም አለቀ አለኝ። ኑሩም ከበረንዳው እጁን አነሳልኝ።

እንግዲህ ዘሃራ፣ መሠረት አውጪ፣ ቤት ሥሪ፣ ከዚያ እያንዳንዷን ብሎኬት የሱን ፈቃድ እየለመንሽ አስገቢ። በሰላም ያለቀው ይሄ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 25። ከ/ሰ 11፡00

ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር፣ አጠገቧ ተቀምጬ። ክፍፍሉ እንደ አዲስ እንዲታይ ልከስ ነው አልኳት። ወንድምሽን? አለች። ወንድሜን። ሰዉ ምን ይላል አለች፤ አባትሽ ገና ዓመቱ አልሞላም አለች። ከዚያ ከሁሉ የከበደኝን ተናገርኩ፦ አንቺንም ይጠሩሻል፣ እማዬ። ማን ወክሎሽ ፈረምሽ ይሉሻል።

እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም።

“ማንም አልወከለኝ። እዚህ ላይ አሳርፊ አሉኝ፣ አሳረፍኩ። ከጠየቁኝ ይህንኑ እላለሁ። መጥሪያውን ግን አንቺ አታምጪልኝ። የፍርድ ቤቱ ሰው ያምጣው። ለኑሩ፣ መንግሥት ጠርቶኝ ሄድኩ ልበለው።”

አልቅሳ እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቷ በውሃ ርሶ ነበር። ሸሚዜን ጨምቃ ሰጣችና ሌላውን አነሳች።

የምከሰው ወንድሜን ነው፣ ዳኛ ፊት የማቆመው ግን እናቴን ነው። ይህን አውቃለሁ። ኑሩም ያውቃል፤ እስከ ዛሬ የተማመነው በዚያ ነው።

ማመልከቻውን በእጄ ጽፌ ጨረስኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ስለ ጉቶው ምንም የለበትም። መንገድ እንዲሰጠኝ፣ ሳልወክል የተፈረመልኝ ፊርማ እንዲነሳልኝ፣ ይኸው ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ፍ/ቤት እሄዳለሁ። በኑሩ በር ነው የማልፈው፣ በእግሬ።