አልጠፋ ባይ

ጥር 6

ዛሬ ወደ ከዋክብት ማሳያ አዳራሻችን ሁለት ትምህርት ቤት መጣ። አንዱ ልጅ ገና መብራት ሳይጠፋ ማልቀስ ጀመረ፣ ሌላው ማስቲካውን ወንበር ላይ ለጥፎ ሄደ። እንደ ወትሮው።

ጉልላቱን ቀስ ብዬ አጨለምኩት። ዓይን ጨለማ መልመድ አለበት፣ ከቸኮሉበት ምንም አያይም። ከዋክብቱ ወጡ። ከዚያ ቬንቲሌተሬን አስነሳሁ። የጉልላት ኮከብ ድርቅ ያለ ነው፣ እንደ ውጪው ብልጭ ድርግም አይልም። ሲሪየስ ግን ከሁሉ ደማቋ ኮከብ ስለሆነች ከዋክብቱን በሚያሳየው ማሽን ላይ የራሷ መስታወት አላት። እሱ ፊት በአሮጌ ቬንቲሌተር የሚሽከረከር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት ካርቶን አቁሜላታለሁ። የጫማ ካርቶን ነው። ብርሃኗ ይርገበገባል… ነፍስ ትዘራለች።

«ይቺ እናንተ ቤት ማን ትባላለች?» አልኩ። ሁሌ እጠይቃለሁ።

«አውሮፕላን!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ የኔ ተራ። ግሪኮቹ «አቃጣይዋ» አሏት፣ የአዳኙ ውሻም አደረጓት። ቻይኖቹ «የሰማይ ተኩላ»። የጥንት ግብፆች ጎህ ሲቀድ ብቅ ስትል ወንዛችን ሊሞላ ነው ይሉ ነበር፣ አምላካቸው ነበረች። በበረዶ አገር የሚኖሩት ደግሞ «የምትርገበገበዋ» ይሏታል። እማዬ «አልጠፋ ባይ»።

የእማዬ ላይ ስደርስ ድምፄ ለምን እንደሚቀየር አላውቅም። ልብስ ሰፊ ነበረች። መብራት በጠፋ ቁጥር የስፌት መኪናዋን ትታ መስኮት ትከፍትና፣ «ያቺን እያት፣ እሷ እንኳ አልጠፋችም» ትለኝ ነበር።

ጥር 14

አዲሱ ኃላፊ ስብሰባ ጠራ። የተቀዳ ትርኢት ተገዝቷል። በታዋቂ ተዋናይ ድምፅ። እኔ ከማይክ ተነስቼ በር ላይ ትኬት ልቆርጥ ነው።

«ስሞቹስ?» አልኩ።

«ሲሪየስ። አንድ ኮከብ አንድ ስም ይበቃዋል። ሰው ይደናገራል።»

«እርስዎን ቤትዎ ማን ይሉዎታል?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማለቴ… እናትዎም ‹ኃላፊ› ነው የሚሉዎት?»

ጋሼ ብሎን ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማሽኑን የሚጠግነው እሱ ነው፣ ኪሱ ብሎን አጥቶ አያውቅም። የኃላፊው ፊት ቲማቲም መሰለ። «ይሄ ከሥራ ጋር አይገናኝም» አለ።

እንዴት አይገናኝም? ሥራዬ እሱ አይደል እንዴ?

ስንወጣ ጋሼ ብሎን ጠጋ ብሎ፣ «ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ» አለኝ። ይሁን። እኔ ግን ዝም ስል ነው የምነቅዘው።

ጥር 15

ለእማዬ ነገርኳት። ከወደቀች ወዲህ እግሯ እምቢ ብሏል፣ ጆሮዋም ከብዷል፣ ሁሉን በጩኸት ነው። ጎረቤቱ በሙሉ አብሮ ሰማ።

«ስሟን ነጠቋት?» አለች።

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ በር ላይ ትኬት ትቆርጫለሽ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 25

የተቀዳው ትርኢት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። የሰውዬው ድምፅ ያምራል፣ አይካድም። «ሲሪየስ፣ የሰማዩ ደማቅ ኮከብ» አለና አለፈ። በቃ! እሷን ያህል ነገር፣ እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ጠርቷት አለፈ።

ቬንቲሌተሬንም «ይሄ ቆሻሻ ይነሳ» ተብሎ ተነስቷል። ኮከቧ እንደ ሚስማር ተቸንክራ ቀረች። ጋሼ ብሎን መሳቢያው ውስጥ ደብቆልኛል።

ጥር 26

ደሜ ፈልቷል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

የካቲት 2

ትኬት መቁረጥ እጅ ይይዛል እንጂ አፍ አይይዝም! እስከ ዛሬ እንዴት አልመጣልኝም?

ለሚገባው ሁሉ፣ «ደማቋ ስትመጣ ቤታችሁ ማን እንደምትባል ጮክ ብላችሁ በሉልኝ» እያልኩ አስገባሁ። አንዳንዱ እንደ እብድ አየኝ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ግን ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔማ አብሮ አደር ነው የምላት» አለኝ። «ስንቱን መንገድ ሳንተኛ አብረን አነጋነው።» አንዲት ነርስ ሰማችና ሳቀች። «እኛ ክፍል ተረኛዋ ናት። ከመስኮቱ አትጠፋም።»

ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም አፈሩ መሰለኝ። ምንም አልሰማሁም። ግድ የለም።

የካቲት 9

ኃላፊው መጣ። «ጎብኚ ማነጋገር ክልክል ነው።»

«እንኳን ደህና መጡም ልተው?»

«እሱ ይቻላል።»

ይቻላል! ቸርነቱ…

ማታ እራት እያጎረስኳት እማዬን አየኋት። ስንት ዘመን ስሟን ለሰው ሳወራ እሷ አንድ ቀን ጉልላቱ ውስጥ ገብታ አታውቅም። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ደረጃው፣ ቀጥሎ እግሯ። እወስዳታለሁ። የት አባቱ! እሷ ሠራተኛ አይደለችም፣ ክልክሉ አይመለከታትም።

የካቲት 16

ወሰድኳት።

ጋሼ ብሎንና እኔ ከነወንበሯ ተሸክመን ደረጃውን አወጣናት። «ቀስ፣ ጆንያ አደረጋችሁኝ እንዴ!» እያለች። ለክት ያለችውን ሻርፕ አድርጋለች። ከፊት አስቀመጥናት፣ እኔ ወደ በሩ ተመለስኩ።

ጨለመ። ተዋናዩ ጀመረ። «ሲሪየስ…» ከማለቱ፦

«ማን? ማን ነው ያላት?» እማዬ ናት። ድምፅዋ ጉልላቱን ሞላው። «አልጠፋ ባይ ናት እንጂ! ደግሞስ ምነው እንዲህ ደረቀች? አመማት እንዴ?»

ሰው በሳቅ አለቀ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዲት ሴት፣ «እኛ ጋ ተረኛዋ ናት!» አለች። ነርሷ! ልጆቿን ይዛ ተመልሳ መጥታለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ፣ በማላውቀው ቋንቋ። አንዱ ስም ሲጠራ ሌላው «አሃ» ይላል።

ኮከቧ መርገብገብ ጀመረች። ጋሼ ብሎን መሳቢያውን ከፍቷል ማለት ነው።

«ይኸው! ተሻላት!» አለች እማዬ።

በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ይጻፍ፣ አለቀስኩ።

ኃላፊው ሮጦ ገብቶ መብራቱን ቦግ አደረገው። ከዋክብቱ በሙሉ ጠፉ። እማዬ ብቻ አልጠፋችም፦ «ምን ዓይነት ሰው ነው ኮከብ ላይ መብራት የሚያበራ!»

የካቲት 18

ኃላፊው ጠራኝ። እንዲህ አለኝ፦ «ሠራተኛው ፊት ቆመው ተሳስቻለሁ ይበሉ፣ ሥራዎን ይቀጥላሉ። አለበለዚያ እንሰናበታለን።»

ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ይሄ ሁሉ በጭንቅላቴ ሄደ። አንዲት ቃል ናት፣ ብያት ልገላገል እንዴ? ደግሞ የእማዬ ጀርባ ትዝ አለኝ፣ ያን ቀን ወደ ግድግዳው ስትዞር።

«እናቴን ማምጣቴ ስህተት አይደለም። ስሟም ስህተት አይደለም» አልኩ።

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«ነው።»

የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፈርቻለሁ? አዎ። ፈርቼም እምቢ።

ጋሼ ብሎን ቬንቲሌተሩን እሱ እንዳስነሳው ራሱ ነግሮታል። «አንተንስ ምን አለህ?» አልኩት።

«ምን ይለኛል? እኔን አባሮ ማሽኑን በጸሎት ያስነሳዋል?»

የካቲት 21

በሥራ ሰዓቴ ነቃሁ። ለበስኩ። ጫማዬን አስሬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ…

«ምን ይጎልትሻል? ሂጂ እንጂ» አለች እማዬ።

«ወዴት?»

«እዚያው ነዋ! ትኬት ገዝተሽ ግቢ። ለገዛ ሰው ደግሞ ማን ክልክል ነው ይላል?»

የካቲት 23

ገዛሁ።

በሩ ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ራሱ ኃላፊው! በኔ ቦታ ሰው አላገኘም። ትኬቴን አየ፣ እኔን አየ።

«ዝም ብለው ያያሉ?» አለኝ።

«ዝም በሉ የሚል ተጽፎበታል?»

ትኬቱን ገልብጦ አየው። አልተጻፈበትም። ቀደደልኝ።

መካከል ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን ማይኩ ጋ ነበርኩ፣ ወንበሩ እንዲህ እንደሚቆረቁር አላውቅም ነበር። ስንቱን ልጅ «አትቁነጥነጥ» ብዬ ተቆጥቻለሁ።

ጨለመ። ኮከቧ ወጣች… ትርገበገባለች! ጋሼ ብሎን፣ ዕድሜ ይስጥህ።

«ሲሪየስ…» አለ ተዋናዩ።

ተነሳሁ። «አልጠፋ ባይ!»

አንድ ሰው እንኳ አልተከተለኝም። ልቀመጥ እንዴ? ቆሜ ቀረሁ።

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «አብሮ አደር!» አለ። ሹፌሩ። ከጎኑ አንዲት አሮጊት የራሷን። ከፊት ሁለት ወንድማማቾች የማይመሳሰል ስም ጠርተው ተጨቃጨቁ። አንድ ሕፃን፣ «አውሮፕላን!»

ተዋናዩ አላቆመም፣ ያወራል። ማን ይስማው?

አሁን መብራቱ ይበራል ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ኃላፊው ማብሪያው ጋ ቆሟል፣ እጁም እላዩ ላይ ነው። ጠበቅኩት። እሱ ግን ወደ ላይ ነበር የሚያየው።

አልበራም።

ቤት ስገባ እማዬ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀኛለች።

«አልሽ?»

«አልኩ።»

«ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ፣ እማዬ።»

«ደግ አደረግሽ» አለችና ሻርፗን ከራስጌዋ አንስታ ሰጠችኝ። «ተኩሽልኝ። ነገ እኔም አለሁ።»